እሑድ የተነቀሉት ጥቁር ቱሊፖች

አንዲት ሴት ነበረች። ደጃፏ ላይ ቁጢጥ ብላ አፈር ትቆፍር ነበር። በእጇ የያዘችውን ነገር ከሩቅ ያየ ሰው ቀይ ሽንኩርት ይለዋል። ጎረቤቷም በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «ሽንኩርት ነው እንዴ የምትተክዪው?» አለቻት።

«አይ፣ አበባ ነው።»

«የምን አበባ?»

«ቱሊፕ ይሉታል። ሲያብብ ጥቁር ነው።»

ጎረቤቲቱ አማተበች። አጥሩን ለቀቀችና ወደ ቤቷ ገባች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ልብ በሉልኝ፣ ምእመናን። ምንም አልጠየቀችም! ለምን ጥቁር? ከየት አመጣሽው? ምን አይተሽበት ነው? አንድም ቃል አልወጣትም። አማትባ ገባች። ዛሬ እዚህ ፊታችሁ ተናድጄ የቆምኩት በዚህ ነው። አዎ፣ ተናድጃለሁ። ሰባኪ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ አይቆጣም የሚል ሰው ካለ መንገዱ ክፍት ነው፣ በሰላም ቤቱ ይግባ። የምትቀሩት ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ለሴትየዋ ስም ላውጣላትና ሸዋዬ ልበላት። እውነተኛ ስሟን ብነግራችሁ ቤታችሁ ሳትደርሱ ታሟታላችሁና ይቅር። ያለችው ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ በኅዳር ውርጩ ጎመን በሚያቃጥልባት አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ባሏ መኩሪያ አናጢ ነበር። አንድ ጠዋት ቁርሱን በልቶ፣ መዶሻውን ይዞ ወጣ፤ ከሰው ቤት ጣሪያ ላይ ወደቀና በሰው ትከሻ ተመለሰ። በቃ። እንዲህ ነው የሆነው።

ይህች ሸዋዬ ሳቂታ ነበረች። ስትስቅ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ሰው ሲያልፍ፣ «ሸዋዬ ዛሬ ምን አግኝታ ነው?» ይል ነበር። መኩሪያ በሞተ ጊዜ ያ ሳቅ አብሮት የተቀበረ መሰለ።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር፤ ጎረቤቶቿ በለቅሶው ጊዜ አልተዋትም። ድንኳን ተከሉ። ንፍሮ ቀቀሉ። ሌሊቱን አጠገቧ አደሩ። በተለይ እትዬ አሰለፈች የምትባል፣ የሴቶቹ ማኅበር ሰብሳቢ የሆነች ትልቅ ሴት፣ ሸዋዬ ራሷን ስትስት ደግፋ ይዛ፣ ስትነቃ ውኃ በአፏ ጠብ እያደረገች፣ ከእናት የማይተናነስ ነገር አደረገችላት። ይህን አልነፍጋቸውም። ሲለቀስ እኛን የሚያህል የለም! የሰው ለቅሶ ላይ መቼ ተጓደልን? አንጓደልም። ችግራችን ሌላ ቦታ ነው፣ ቆዩኝ።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ሴቶቹ እንደ ወጉ ተሰብስበው ከሏን ሊያስወልቋት መጡ። ጥቁሩን ቀሚስ ከላይዋ ገፈፉ። ጸጉሯን አጥበው ቅቤ ቀቧት። አዲስ ነጭ ቀሚስ፣ ጥበቡ የሚያምር፣ አለበሷት። «ይብቃሽ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ። እልል አሉ። በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ፣ ሄዱ።

ሸዋዬ ምን አደረገች? በነጩ ቀሚሷ አልጋ ላይ ወጣች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ ተኛች።

በማግሥቱም ተኛች። በሳምንቱም ተኛች። ልጇ ፍሬሕይወት ምግብ ታቀርባለች፣ ምግቡን መልሳ ታነሳለች። «እማዬ፣ እስቲ ትንሽ ፀሐይ ሙቂ።» «እማዬ፣ እትዬ አሰለፈችን ልጥራልሽ?» ብርድ ልብሱን ትከናነባለች።

ማን አየ? ማንም! ከሉ ወልቋላ! ቀሚሱ ነጭ ነዋ! በእኛ ቤት ቀሚሱ ከነጣ ልብም ነጥቷል ማለት ነው። ሥራው አልቋል ማለት ነው። ሴቶቹ በመንገድ ሲያልፉ በሯን አይተው፣ «ተመስገን፣ እሷም ተጽናናች» እያሉ ያልፉ ነበር። በሩን ግን አላንኳኩም።

ክረምት ሲገባ የእህቷ ልጅ ልትጠይቃት መጣች። ይህች ልጅ አበባ እርሻ ውስጥ ነው የምትሠራው። በፌስታል ያ ሽንኩርት የሚመስል ነገር ይዛ መጥታለች። «አክስቴ፣ ይህን ተክዪው» አለቻት። ሸዋዬ አልዞረችም። ልጅቷም ስልኳን አውጥታ የአበባውን ፎቶ ዓይኗ ሥር አደረገችላት።

ሸዋዬ አየችው። እንደገና አየችው። ከዚያ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች።

«እንዲህ ያለም አለ እንዴ?» አለች። «ማን ነው እንዲህ ያቀለመው?»

«እግዜር ነዋ፣ አክስቴ!»

«ስጪኝ እስቲ ስልኩን።»

ፍሬሕይወት በሩ ላይ ሰሃን ይዛ ቆማ ነበር። ከአባቷ ሞት ወዲህ እናቷ ከአፏ ያወጣችው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ስለ አንድ አበባ ቀለም! ሰሃኑን እንደያዘች ወደ ጓዳ ሄዳ አለቀሰች።

ይህ ቱሊፕ የሚባለው አበባ ጠባዩ ልዩ ነው። ብርድ ካልመታው አያብብም። ልጅቷም፣ «ክረምቱን ፍሪጅ ውስጥ ይክረም፣ ዝናቡ ሲያቆም ይተከላል» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸዋዬ ጠዋት ጠዋት እየተነሳች ፍሪጁን ትከፍት ጀመር። እያንዳንዱን አንስታ ታገላብጣለች። ሻጋታ ካየች በጨርቅ ትጠርጋለች። «ፍሬ፣ ወጥ ውስጥ እንዳትከቺብኝ!» ትላለች። እዩ፣ መቀለድ ጀመረች! አልጋው ላይ የሚያስተኛት ነገር ነበር፤ አሁን ደግሞ ከአልጋው የሚያስነሳት ነገር ተገኘ።

ጥቅምት ላይ ተከለችው። ጠዋት ውኃ ታጠጣለች። ከሰዓት ትኮተኩታለች። የጎረቤት ዶሮ መጥታ አፈሩን ስትጭር ሸዋዬ መጥረጊያ ይዛ፣ «ሂጂ! ደግሞ አንቺን ብሎ ዶሮ!» እያለች በግቢው ሁሉ አባረረቻት። ያ የጠፋው ድምጿ መንደሩን አናወጠው። ውርጩ የጎረቤቱን ጎመን ሲያቃጥል ጎረቤት አዘነ፤ ሸዋዬ ግን እጇን እያፋተገች፣ «ይብረዳ! ይብረዳ! ለእኔ ልጆች ጥሩ ነው» ትል ነበር።

ጥር ላይ አበበ።

ጥቁር ስላችሁ ከሰል እንዳታስቡ። ማለዳ ላይ በእርግጥ ጥቁር ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ግን በውስጡ እንደ በሰለ ወይን ያለ ቀይ ይታያል። የአበባው ቅጠል ሐር ነው፣ ብትነኩት በእጃችሁ ሸካራነት ታፍራላችሁ። ሸዋዬ ያን ዕለት ጠዋት በሯን ከፈተች፣ አየችው፣ ሳቀች። ያ ከመንገድ ማዶ የሚሰማው ሳቅ! ፍሬሕይወት በባዶ እግሯ እየሮጠች ወጣች።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«እይው እስቲ፣ ልጄ! እይው! እግዚአብሔር እኮ ይህን ሲሠራ ምንም አልሰሰተም።»

እናትና ልጅ አበባው ፊት ተቃቅፈው ቆሙ። መኩሪያ ከሞተ በኋላ በዚያ ግቢ ውስጥ ደስታ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነው። ስሙን ሌላ አታውጡለት። ደስታ ነው።

መንደሩ ሳቁን ሰማ? ሰማ እንጂ! ከመንገድ ማዶ ይሰማል አልኳችሁ። ሰምቶ ምን አለ መሰላችሁ? «ለየላት» አለ።

«አፈሩን ከል አለበሰችው» አለች አንዷ።

«ያወለቅንላትን መልሳ ለበሰች» አለች ሌላዋ።

«ሟርት ነው። ሞት እየጠራች ነው» አለች ያቺ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ የነበረችው።

ይህ ወሬ እትዬ አሰለፈች ዘንድ ደረሰ። እትዬ አሰለፈች ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይህን ያህል አልናደድም ነበር፤ ክፉ ሰው ክፉ ሲሠራ ምን ይገርማል? እሷ ግን የምትጾም፣ የምታስቀድስ፣ የታመመ የምትጠይቅ፣ የሞተ የምትገንዝ ናት። ወሬውን ስትሰማ ከልቧ አዘነች። ሴቶቹን ሰበሰበች። «እህታችንን ሐዘኑ ተመልሶ ይዟታል» አለች። «ፊት ያወለቅነው እኛ ነን፣ ዛሬም የምናወልቀው እኛ ነን። ያን ጥቁር አበባ ነቅለን ብሩህ ብሩህ አበባ እንትከልላት።»

ከመካከላቸው በዕድሜ የምታንስ አንዲት ሴት፣ «መጀመሪያ ብንጠይቃትስ?» አለች።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። እትዬ አሰለፈች ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ሐዘንተኛ ምን ያውቃል? እኛ ነን የምናውቅላት።»

እኛ ነን የምናውቅላት! ሰማችሁ? እግዚአብሔር ራሱ አዳምን «ወዴት ነህ» ብሎ ጠየቀው። ሁሉን የሚያውቀው አምላክ ይጠይቃል፤ የማኅበሩ ሰብሳቢ ግን መጠየቅ አያስፈልጋትም!

ታዲያ መቼ ሄዱ? እሑድ። ከቅዳሴ መልስ። እነዚህ ሴቶች እሑድ መሬት የማይነኩ ናቸው። እሑድ አረም ሲነቅል ያዩትን ልጅ በጆሮው ይዘው የንስሐ አባቱ ዘንድ ያደርሱታል። ያን ዕለት ግን፣ «ይህ ሥራ አይደለም፣ ጽድቅ ነው» ተባባሉ። ደግሞ ተጠነቀቁ እኮ! ዶማ አልያዙም። በእጃችን እንነቅላለን አሉ። በቆርቆሮና በተሰነጠቀ ባልዲ ያሳደጓቸውን ቢጫና ነጭ አበቦች ተሸከሙ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እየዘመሩ፣ ሄዱ።

ሸዋዬስ በዚያ እሑድ የት ነበረች?

ይህን ስነግራችሁ አንጀቴ ያርራል። ሸዋዬ ቅዳሜውን ድፎ ዳቦ ስትጋግር ዋለች። «ፍሬ፣ ሴቶቹ እኮ በሐዘኔ ጊዜ እንዴት እንደነበሩልኝ ታውቂያለሽ። ነገ ጠርቻቸው ይህን አበባ ካላሳየኋቸው ሰውም አይደለሁም» አለች። እሑድ ጠዋት ያንን ነጭ ቀሚስ፣ ተኝታበት የነበረውን፣ አጥባና ተኩሳ ራሷ ለበሰችው። ማንም ሳያለብሳት! ፍሬሕይወትን ለእንግዶቹ አግዳሚ ወንበር እንድትዋስ ወደ ዘመድ ቤት ላከቻት። እሷ ደግሞ ሴቶቹን ልትጠራ ወደ እትዬ አሰለፈች ቤት ሄደች።

እሷ በላይኛው መንገድ ወጣች። እነሱ በታችኛው መንገድ ወረዱ።

የእትዬ አሰለፈች ባል፣ ጋሽ ተሰማ፣ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«እንዴት ዋሉ፣ ጋሽ ተሰማ? እትዬ አለች?»

«እንዴት ዋልሽ ልጄ። አይ፣ ሴቶቹን አስከትላ ወደ አንቺ ቤት ነው የሄደችው እኮ! አልተገናኛችሁም?»

«ወደ እኔ ቤት?»

«ስለ አበባሽ ሲያወሩ ሰምቻለሁ።»

የሸዋዬ ፊት በራ። «አበባውን ሊያዩ! ሳልጠራቸው! ጋሽ ተሰማ፣ አዩልኝ ፍቅራቸውን? እርስዎም ይምጡ እንጂ፣ ዳቦ አለ!» አለችና መንገድ ገባች። ያች ትልቅ ሴት በድንጋዩ መንገድ ላይ ቀሚሷን ሰብስባ ስትሮጥ ያየ ሁሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች።

ቤቷ አጠገብ ስትደርስ እልልታ ሰማች። ጭብጨባ ሰማች። ቱሊፑን አይተው እልል ያሉ መሰላት! እሷም ከውጭ ሆና እልል አለች። እልል እያለች የግቢውን በር ገፍታ ገባች።

ቱሊፕ የለም።

ቢጫና ነጭ አበባ ቆሟል። ጥቁሮቹ አጥሩ ሥር ተከምረዋል፤ አገዳቸው ተሰብሯል፣ ቅጠላቸው ተረግጧል። ሴቶቹ እጃቸው እስከ አንጓቸው አፈር ሆኖ፣ ፊታቸው ላብ በላብ ሆኖ፣ ሁሉም ፈገግ ብለው ያዩዋታል። እትዬ አሰለፈች መጥታ አቀፈቻት።

«እንኳን ለዚህ አበቃሽ፣ እህቴ! አወለቅንልሽ።»

«ምኑን?»

«ከሉን ነዋ። አፈሩን ያለበሽውን።»

ሸዋዬ እጆቻቸውን አየች። አንድ በአንድ አየች።

«እትዬ» አለች፣ «ዛሬ እሑድ አይደለም እንዴ? መሬት ነካችሁ?»

«ዶማ አልያዝንም» አለች እትዬ አሰለፈች። «በእጃችን ነው።»

በእጃችን ነው! የሕጉን ፊደል ጠብቀው የሰው ልብ ነቀሉ። ዶማ አልያዙማ!

«እሱን ብዬ እኮ ነው ከአልጋ የተነሳሁት» አለች ሸዋዬ። ድምጿ ቀስ ያለ ነበር። «እትዬ፣ ለመኩሪያ ስታለቅሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም፣ እስክሞት አልረሳም። ሳለቅስ አውቃችሁኝ ነበር። ደስ ሲለኝ ግን እንዴት ሳታውቁኝ ቀራችሁ? ደስታዬ እኮ ነበር። ላሳያችሁ ብዬ ቤታችሁ ድረስ ሄጄ ነው የመጣሁት።»

ያቺ ታናሿ ሴት ጮኻ አለቀሰች። እትዬ አሰለፈች፣ «እኛ እኮ ላንቺ ብለን…» አለችና አቆመች።

ሸዋዬ ከዚያ ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? እንግዳ ናቸዋ! ደጇ መጥተዋላ! ገብታ ድፎውን አወጣች። ቆረሰች። ለእያንዳንዳቸው ያ አፈር የሆነ እጃቸው ላይ በሁለት እጇ አድርጋ ሰጠቻቸው። ምን ያድርጉ? አንበላም ማለት ነውር ነው። ቆመው በሉ።

በልተው ሲጨርሱ ሸዋዬ ወደ ውስጥ ገባች። ነጩን ቀሚስ አወለቀች። ከሳጥኑ ውስጥ ከሏን አውጥታ ለበሰች። አልጋዋ ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ያን ቀን ከል የለበሰችው ለመኩሪያ አልነበረም፣ ምእመናን። ለመኩሪያ ያለቀሰችውን አልቅሳለች። ያን ቀን የሞተባት ሌላ ነው፤ ገዳዮቹም ቀባሪዎቹም ደጇ ላይ ቆመው ነበር።

ምሳሌው እዚህ ላይ አለቀ።

አዎ፣ አውቃለሁ፤ «ከዚያስ?» እያላችሁ ነው። የአበባው ሥር ተመልሶ ተተከለ ወይ እያላችሁ ነው። ፍሬሕይወት ከፍርስራሹ ውስጥ የተረፈውን ለቅማ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ይኸው፣ ነገርኳችሁ። ሁላችሁም «እፎይ» አላችሁ! አየኋችሁ! የአበባው ሥር ተረፈ ስላችሁ ፊታችሁ ፈታ አለ። ሴትየዋስ? ሴትየዋ አሁንም ተኝታለች! እናንተ ግን አበባው ከተረፈ በደላችሁ የሚሰረዝ ይመስላችኋል።

እናንተ ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። እናንተን ነው።

እትዬ አሰለፈች ሩቅ አገር ያለች ሴት መሰለቻችሁ? እዚህ መካከላችሁ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጥሩ አድርጋ አስቀድሳ፣ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች። ወንዱም አለ፣ በሴቶቹ እንዳታመካኙ! ሚስቱ የሞተችበት ሰው መንገድ ላይ ሲያፏጭ ሰምታችሁ፣ «አፈሯ ሳይደርቅ» ያላችሁ ማን ናችሁ? እግዚአብሔር ልጅ ያልሰጣቸው ባልና ሚስት ከውሻቸው ጋር ሲጫወቱ አይታችሁ፣ ደስታቸውን ጎዶሎነታቸው አድርጋችሁ ከንፈር የመጠጣችሁ ማን ናችሁ? የእናንተው ልጅ፣ የገዛ ልጃችሁ፣ ብቻውን ተቀምጦ ሥዕል ሲሥል ፊቱ ሲበራ እያያችሁ፣ «ይህ ልጅ ምን ነካው» ብላችሁ ጠበል የወሰዳችሁትስ? ጠይቃችሁት ነበር? ወረቀቱን አይታችሁለት ነበር?

ለሰው እንባ ቀን ትቆርጣላችሁ። ለሰው ደስታ ቀለም ትመርጣላችሁ። ከዓመት በፊት ከሳቀ ቸኮለ ትላላችሁ፤ ከዓመት በኋላ ካለቀሰ አበዛው ትላላችሁ። ማን ነው ሰዓት ጠባቂ ያደረጋችሁ? ማን ሾማችሁ?

ደግሞስ ያን አበባ ያጠቆረው ማን ነው? እስቲ መልሱልኝ! ሰይጣን አበባ ሲተክል ያየ አለ? ሌሊቱን ጥቁር አድርጎ የፈጠረ፣ የዓይናችንን ብሌን ጥቁር አድርጎ የፈጠረ፣ እሱው ነው ያን ቱሊፕ ያጠቆረው። አጥቁሮም መልካም እንደሆነ አየ። እናንተ ግን ከፈጣሪ ተሽላችሁ ልታርሙት እጅጌያችሁን ሰበሰባችሁ!

ትላላችሁ፤ «አባታችን፣ ለበጎ ብለን ነው።» አዎ፣ ለበጎ ብላችሁ ነው! የሚያናድደኝም ይኸው ነው! ሌባ ግቢዬ ቢገባ ጮኼ ሰው እጠራለሁ። እናንተ ስትገቡ ግን ማንን ልጥራ? እየዘመራችሁ ነው የምትገቡት። አበባ ይዛችሁ ነው የምትገቡት። የነቀላችሁበት ሰው ዳቦ ቆርሶ ይሰጣችኋል፣ በልታችሁ ትሄዳላችሁ፣ ማታም በሰላም ትተኛላችሁ።

አሁን ወደ ገዛ ጉዳያችን እንምጣ። ይህን ምሳሌ ዛሬ የነገርኳችሁ ያለምክንያት አይደለም።

የፊታችን ቅዳሜ ወደ አንዲት እናት ቤት ልትሄዱ ነው። ስሟን አልጠራም፣ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ልጇን ከቀበረች ዓመት ሊሞላ ነው። ቀሚሱ ተገዝቷል አሉ። ድግሱ ተደግሷል አሉ። ማን ይናገራል፣ ማን ይመርቃል፣ ሁሉም ተደልድሏል አሉ። አንገታችሁን አትድፉ፣ እኔን እዩኝ! እስቲ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ይነሳና ይንገረኝ፤ ይህችን እናት የጠየቃት ማን ነው?

እጠብቃለሁ።

ማንም የለም።

እንግዲያስ ስሙኝ። ቅዳሜ ሂዱ፤ አትሂዱ አላልኩም። ግን ከሰዓት በፊት ሁለት ሆናችሁ፣ ባዶ እጃችሁን ሆናችሁ፣ በሯን አንኳኩ። እስክትከፍት ቁሙ። ስትከፍት አታልቅሱባት፣ አትመርቋት፣ አትምከሯት። «እናታችን፣ ምን ቢሆን ደስ ይልሻል?» ብላችሁ ጠይቋትና አፋችሁን ዝጉ። ከሌን አላወልቅም ትላችሁ ይሆናል። ብቻዬን ተዉኝ ትላችሁ ይሆናል። የልጄን ዘፈን ክፈቱልኝና ልጨፍር ትላችሁ ይሆናል። የፈለገችውን ትበል። እናንተ «እሺ» በሉ። እሺ ብቻ! ድግሱ ቢበላሽ ይበላሽ፣ ቀሚሱ ቢቀር ይቅር።

አሁን አሜን ልትሉ ነው፤ አፋችሁ ላይ ደርሷል፣ ይታየኛል። አሜን አትበሉኝ። ከእኔ ጋር ተስማምታችሁ ቤታችሁ እንድትገቡ አልፈልግም። ቅዳሜ ያቺ እናት መልሷን ከሰጠቻችሁ በኋላ፣ ያልጠበቃችሁትን መልስ ሰምታችሁ እሺ ካላችሁ በኋላ፣ ያኔ እዚያው በሯ ላይ ቆማችሁ አሜን በሉ።